በጣት የሚነበብ ሰዓት

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰዓት ብሎን ከወረንጦዬ አምልጣ ጠፋችብኝ። የሴት እጅ ሰዓት ብሎን ናት፤ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ወለሉን በመዳፌ ዳሰስኩ፣ በማግኔት አሰስኩ፤ ጎረቤቴ የሞባይል ከቨር ነጋዴው ሳይቀር ተንበርክኮ ፈለገልኝ። የለችም። ቤት ገብቼ ሱሪዬን ስቀይር ከእጥፋቱ ውስጥ ዱብ አለች። ባለቤቴ ዘውዴ አንስታ መዳፌ ላይ ብታስቀምጥልኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ብሎኗ እንደ ቁንጫ ስትዘል አየች። "አበራ፣ በቃህ እንግዲህ" አለችኝ። በሳምንቱ ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን ባለመስታወት ሣጥኔን ለከቨር ነጋዴው ለቅቄለት ቤቴ ገባሁ።

ሰዓት ሠሪ ጡረታ የለውም። መንግሥት አያውቀኝም፤ እኔም ግብሬን ከፍዬ ደረሰኜን ኪሴ ከመክተት በቀር አላውቀውም። አሁን በረንዳዬ ላይ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ አላፊ አግዳሚው "ጋሽ አበራ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ሲሠሩ ኖሩ?" ይለኛል። የትልልቅ ሰዎችን ሰዓት ስለመጠገኔ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እውነት ነው፣ የዳኛም የሹምም ሰዓት ጠግኛለሁ፤ የሹም ሰዓት ግን እንደማንኛውም ሰዓት ነው የሚቆሽሸው። ምን ይወራል?

እኔ የማስበው ሼህ እንድሪስን ነው። ሼህ እንድሪስ ከመርሳ በላይ፣ ኮረብታ ላይ ባለች አንዲት የገጠር መስጊድ አዛን የሚያደርጉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው። ያ አዛን በኔ ሥራ ምክንያት ጭራሽ ሊቀር ነበር። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይኼን ብቻ ባወራ ደስ ባለኝ፤ ግን ነገሩ እንዲገባችሁ ከመምህሬ ልጀምር።

ሙያውን ያስተማሩኝ አያ ይማም ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ወልድያ ገበያ መውረጃው ላይ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርባት ሱቅ ነበረቻቸው። ትምህርቱ አልሆን ብሎኝ ሹፌር ልሁን ወይስ ነጋዴ እያልኩ ስዋልል የእጅ ሰዓቴን ማሰሪያ ላስቀይር ገባሁ፤ እዚያው ቀረሁ። ዘመዶቼ "ይኼ ክርስቲያን ልጅ እስላም ቤት ምን ይሠራል?" አላሉም። በኛ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ይጠየቃል። እናቴ ብቻ "ሙያው እንጀራ ያበላል ወይ?" ብላ ጠየቀቻቸው። "ጠግቦ አያድርም፣ ተርቦም አያድርም" አሏት። እንዳሉትም ሆነ።

አያ ይማም ሰዓት ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸው ላይ ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ማለት አለበት። አንድ ነጋዴ ወሬውን አላቋርጥ ቢላቸው ሰዓቱን መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡለትና "ስትጨርስ ና" አሉት። የፈቷቸውን ብሎኖችና ጥርሶች ስኒ ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ለአንድ ሰዓት አንድ ስኒ። ጫት የሚቅሙት ጁምዓ ከሰዓት ብቻ ነው፤ በቃሙበት እጅ ሰዓት አይነኩም። "መርቅኜ የሠራሁት ሰዓት ሁሉ ይፈጥናል" ይላሉ፣ ራሳቸው እየሳቁ።

ከሁሉ ግን ሰዉን የሚያስቀው ጥያቄያቸው ነበር። የእጅ ሰዓት ሲመጣላቸው "በየትኛው ጫፍ ነው የምታነበው?" ይላሉ። ብዙ ሰው ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ፣ በአጭሩ ቆጣሪ ትይዩ ያለውን ቁጥር እያየ በሐበሻ ያነባል። የማያውቅ ሠሪ ደግ የሠራ መስሎት በሐበሻ ይሞላለታል፤ ባለቤቱም ጉዳዩን ሁሉ አበላሽቶ ይመጣል። የግድግዳ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነኩትም። "ማነው የሚያየው? የት ነው የተሰቀለው? ተነስ፣ ቤቱን እንየው" ይሉኛል። ካቻቢቴና ዘይት በከረጢት ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ። አንዱ ቤት ሄደን ሰዓቱ ጤነኛ ነው፤ ግድግዳው ዘሞ ነው ፔንዱለሙን የሚያቆመው። ሌላው ቤት ዶሮዎች እላዩ ላይ ያድራሉ። ሲሪንቃ ደግሞ አንዲት እናት ሰዓቱ እየጮኸ እንቅልፍ ቢነሳቸው ጨርቅ ጎስጉሰውበት፣ "ሞተብኝ" ብለው አስጠሩን። የወልድያ ሰው "ለይማም ሰዓት ከሰጠኸው ቤትህን ጥረግ፣ እንግዳ ይመጣብሃል" እያለ ይቀልድ ነበር።

ከሳቸው ከተለየሁ በኋላ አንድ የሰዓት መሸጫ ባለቤት ቀጠረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የተበላሸ ሰዓት ይዤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር "አበራ፣ አትጠግነው፣ አዲሱን ሽጥለት" ይለኛል። እኔ ደግሞ መሸጥ አልችልበትም። ደንበኛው አዲሱን ሲያነሳ "ያንተው ይሻላል" እያልኩ አስቸገርኩት። ተመራርቀን ተለያየን። ከዚያ መርሳ ላይ በገበያ ቀን አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ሥር ጨርቅ ዘርግቼ ሠራሁ፤ የብርቱካን ጭማቂ ያጣበቀው ሰዓት የጠገንኩት እዚያ ብቻ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ ሲሟሟቅ ሐራ ወረድኩ፤ የሠራተኛው ሰዓት ሁሉ ሲሚንቶ ይተፋ ነበር። በመጨረሻ ወልድያ ተመልሼ ሣጥኔን መናኸሪያው አጠገብ አቆምኩ። እስከዚያ ሞባይል ተስፋፍቶ የሰው ሁሉ ሰዓት ኪሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለኔ የቀረኝ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ሆነ። አያ ይማምም በዚያው ጊዜ ገደማ ዐረፉ።

እንግዲህ አንድ ዓመት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሐጂ ሰይድ የሚባሉ፣ የዚያች የገጠር መስጊድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ከባጃጅ ወረዱ። አወራረዳቸው ሕፃን የታቀፈ ሰው አወራረድ ነው። ጋቢውን ሲገልጡት ባለፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ነው፤ እንጨቱ የጠቆረ፣ ፊቱ ቢጫ የሆነ፣ የድሮ ሥራ።

"ይቆማል" አሉኝ። "ሁለት ቀን ሄዶ ሦስተኛውን ይቆማል። ባለመብራቱን የአዛን ሰዓት ገዝተን ነበር፤ መብራቱ በጠፋ ቁጥር ዜሮ ዜሮ እያለ አስቸገረን። ይኼኛው ይሻለናል። ወላሂ ለረመዳን ካደረስክልን ዱአችን አይለይህም።"

"አብሽሩ ሐጂ፣ ይደርሳል" አልኳቸው።

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? ስንት ዘመን በባትሪ ስቀልድ ኖሬ እውነተኛ ሰዓት እጄ ገባ። ፈታሁት። ዘይቱ ቅጥራን ሆኗል፤ አቧራው፣ የሸረሪት ድሩ፣ የሻማ ጠብታው አንድ ላይ ተጋግሯል። በተለይ ረጅሙ ቆጣሪ የተሰካበት ዘንግ ላይ እንደ ሙጫ የደረቀ ቆሻሻ ነበር፤ ቆጣሪውን ለማዞር ጉልበት ይጠይቃል። ሁሉንም በቤንዚን አጠብኩት። እያንዳንዱን ጥርስ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሹል እንጨት ጠረግኩ፤ አዲስ ዘይት በመርፌ ጫፍ ሰጠሁት። እንጨቱን ወለወልኩት። ሣጥኔ ላይ ሰቅዬው ሳምንት ሙሉ ዝንፍ አላለም። አላፊው ሁሉ እየቆመ ያየው ነበር።

መምህሬ ቢኖሩ "ተነስ፣ ቤቱን እንየው" ይሉኝ ነበር። ረመዳን ደርሷል፤ ሰዓቱ ሱቄ ድረስ መጥቶልኛል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ የመስጊድ ግድግዳ ምን ይነግረኛል ብዬ ተውኩት። ሐጂ ሰይድ መጥተው ወሰዱት፤ እየመረቁኝ ሄዱ።

ረመዳኑ እንደተጋመሰ በአንድ ሐሙስ ለማፍጠሪያ ጠሩኝ። "ሰዓታችንን አድነህ ሳትቀምስልን አይሆንም" አሉኝ። በሚኒባስ መርሳ ወርጄ፣ በባጃጅ እስከሚደርስበት ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ደፍኖታል። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ፣ ቴምሩ በሳሕን፣ ሾርባው በድስት፣ ሳምቡሳው በትሪ ተደርድሮ ሰዉ ተቀምጧል። ሼህ እንድሪስን ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየኋቸው። ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸው ነጭ፣ በትራቸውን ከመሬት ሳያነሱ የሚራመዱ ሰው ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሰዓታችንን የሠራኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ሼህ።"

"አላህ ይስጥህ። ድምፁ ጠርቷል። በፊት ሲሄድ ያነክስ ነበር" አሉኝ። ዓይን ያለው ሰው ልብ ያላለውን ነገር ስላሉኝ ቀልቤ ወደዳቸው።

ሰዓቱ የተሰቀለው ከመስጊዱ ጎን፣ ሰሌኑና ጀበናው በሚቀመጥባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው ወደዚያ ገቡ። ጥቂት ቆይተው በሩ ላይ ወጥተው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዛን አሉ። የድምፅ ማጉያ የለም፤ ጉሮሯቸው ብቻ ነው። ብዙ አዛን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ከታች ማሽላ የሚጠብቁት እንኳ ቀና ሲሉ ይታያል። ሰዉ "ቢስሚላህ" ብሎ ቴምሩን ጎረሰ፣ ውሃውን ጠጣ። ለኔም ሾርባ ቀዱልኝ።

ድንገት ደመናው በምዕራብ በኩል ተቀደደ። ፀሐይ ጋራው አናት ላይ ቁጭ ብላለች።

ብርሃኗ ግቢውን አለበሰችው። ሳሕኑ ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት ላይ አረፈች። አንድ ሰው አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ጉንጩን ነፍቶ ቀረ። ሼህ እንድሪስ አዛኑን ጨርሰው፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ውሃ የሚያቀብላቸውን እጅ እየፈለጉ ወደኛ መጡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን አንስተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ።

"ሐጂ ሰይድ" አሉ፣ "ይኼ የሚሞቀኝ ምንድን ነው?"

ሐጂ ሰይድ ሾርባቸውን መሬት አስቀምጠው ተነሡ።

"ፀሐይ ናት?"

"አዎ፣ ሼህ እንድሪስ" አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው።

ሼህ እንድሪስ የቆሙበት ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። እሳቸው አዛን ሳይጨርሱ ምንም ነገር አፋቸው ስለማያስገቡ ከዚያ ግቢ ሁሉ ጾሙ ያልፈረሰው የሳቸው ብቻ ነበር።

ሐጂ ሰይድ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ክፍሏ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀድሟል። በየጁምዓው በስልክ ያስተካክሉታል፤ የመጨረሻው ጁምዓ ላይ ልክ ነበር። በአንድ ሳምንት ይኼን ያህል የሚፈጥን ሰዓት በሕይወቴ አላየሁም። "ማን ነክቶት ነው?" አልኩ፣ ቆጣ ብዬ። ሐጂ ሰይድ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "ሼህ እንድሪስ ናቸዋ። በጣታቸው አይደል የሚያነቡት?"

አላወቅኩም ነበር፤ አገር የሚያውቀውን ነገር አላወቅኩም።

እዚህ ላይ ጥቂት ላስረዳ። የግድግዳ ሰዓት ረጅም ቆጣሪ ዘንጉ ላይ ተቸንክሮ አይቀመጥም። ከበስተጀርባው ሮንዴላ የምንላት አንዲት ጎበጥ ያለች ቀጭን ቀለበት ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ሰዓቱ ሲዞር አብራው ታዞረዋለች፤ ሰው በጣቱ ሲገፋው ደግሞ ትለቀዋለች፤ ሰዓት የሚስተካከለውም በዚህ ነው። የዚያ ሰዓት ሮንዴላ በዕድሜ ብዛት ጉብጠቷ ጠፍቶ ላልታ ኖሯል። ቆጣሪውን አጥብቆ ይይዝ የነበረው ያ እንደ ሙጫ የደረቀ ቆሻሻ ነው። ሼህ እንድሪስ ስንት ዘመን ሲዳስሱት ንቅንቅ የማይለው በቆሻሻው ምክንያት ነው። እኔ ቆሻሻውን አጠብኩት። ከዚያ ወዲህ በነኩት ቁጥር ቆጣሪው በጥቂቱ ወደፊት ይሸሻል። ረመዳን ደግሞ ሰው ሰዓት ደጋግሞ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነኩት ይውላሉ። ያን ዕለት ሰማዩ ስለደፈነ ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ሲጠይቅ ውሎ፣ አብዛኛውን የቀደመው በዚያው ቀን ነው። በሌላው ሶላት ላይ ጥቂት መቅደሙን ማንም ልብ አላለም።

ሼህ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙን ነበር። "ድሮ ደንደን ያለ ነበር" አሉ። "አሁን ሲለሰልስልኝ ጊዜ፣ ሠሪው ዘይት ሰጥቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ።"

ወጥቼ ለሰዉ ሁሉ ነገርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሳቸው አይደለም አልኩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የመስጊዱ ኢማም "ሳያውቅ ያፈጠረ ሰው ወንጀል የለበትም፤ ቀኑን ቀዷ እናወጣለን፣ በሌላ ቀን እንጾመዋለን፣ አለቀ" አሉ። ሐጂ ሰይድ እንኳ "ሾርባው ግን አልጣመንም እንዳትሉ" ብለው ሊያስቁን ሞከሩ። የሁሉም ልብ ተመለሰ፤ የአንድ ሰው ልብ ሲቀር።

"የሰው ጾም በድምፄ ፈረሰ" አሉ ሼህ እንድሪስ። "ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጉ።" በትራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንም ሊመልሳቸው አልቻለም።

ሰዓቱን በዚያው ጋቢ ጠቅልዬ ወልድያ ይዤው ተመለስኩ። ሐጂ ሰይድ ለገበያ በመጡ ቁጥር እየጠየቅኳቸው ነበር። አንድ ጎልማሳ በስልኩ እያየ አዛን እያደረገ ነው፤ ሼህ እንድሪስ ለሶላት መጥተው የኋላ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ ማንንም ሳያናግሩ ይወጣሉ። ልጃቸው "ምግቡን ቀንሷል" ብላለች። "ሰውየው እኮ አዛን ነው ሥራው" አሉኝ ሐጂ። "ከዓይኑ ቀጥሎ ይኼን ሲያጣ ምን ይቀረዋል?" ይኼን ሰምቼ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። አንድ ሽማግሌ በኔ ምክንያት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያልቅ ይታየኛል፤ አለቀስኩም።

ከድሮ የነሐስ ቁራጭ ላይ አዲስ ሮንዴላ ቆርጬ፣ ጎበጥ አድርጌ ሠራሁ። አንዷ በጣም ያዘችና ሰዓቱን አቆመችው፤ ሌላዋ ላላች። የምትስማማውን እስካገኝ ብዙ አበላሸሁ። ከዚያ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እዳስሰው ጀመር። ዘውዴ "ሰውዬ፣ ሰዓት ነው ወይስ ታቦት?" እያለች ሳቀችብኝ።

ኢድ ካለፈ በኋላ ሰዓቱን ይዤ ወጣሁ። መስጊዱ ሄጄ አልሰቀልኩትም፤ በቀጥታ ሼህ እንድሪስ ቤት ገባሁ። መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ከስተዋል።

"ሼህ፣ እንዴት እንደሚያነቡት ያሳዩኝ" አልኳቸው።

"ለምንህ ነው? ሌላ ሰው ይዟል።"

"ሳላየው ነው የሠራሁት። አሁን ልየው።"

መቁጠሪያቸውን መደቡ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓቱን ግድግዳቸው ላይ ሰቀልኩላቸው። መስታወቱን ከፈቱ። ጣታቸውን ከአናቱ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጀምረው በጠርዙ ላይ እያንሸራተቱ ወረዱ፤ ረጅሙን ቆጣሪ በጥፍራቸው ጎን ነካ አደረጉት፤ ከዚያ አውራ ጣታቸው አጭሩን ፈለገ። የኔንም ጣት ያዙና ዓይኔን አስጨፍነው አስተማሩኝ። ሲረጋጉ ጣታቸው እንደ ላባ ነው። "ሲቸኩሉስ?" አልኳቸው። ሲቸኩሉ ይጫናሉ፤ እኔ ከገመትኩት በላይ ይጫናሉ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሮንዴላዋን አንድ ጊዜ ጠበቅ አደረግኳት። "አሁን ሆን ብለው ይግፉት" አልኳቸው። ገፉት። አልተነቃነቀም።

"ደንድኗል" አሉ።

"ደንድኗል።"

"ሰዓቱ ዳነ" አሉ፤ መስታወቱን ቀስ ብለው ዘጉት። "እኔ ግን አልዳንኩም አበራ። አፌን ስከፍት ያቺ ፀሐይ ጉንጬ ላይ ትመጣለች።"

ሰዓት እንጂ ሰው መጠገን አልተማርኩም። ሰዓቱን መስጊዱ ሰቅዬ ተመለስኩ።

የቀዷው ቀን ሰኞ እንዲሆን ተስማሙ፤ የዚያን ዕለት ያፈጠረው ሰው ሁሉ አብሮ እንዲጾም፣ አብሮ እንዲያፈጥር። ሐጂ ሰይድ እኔንም ጠሩኝ። ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመስኩም። ማንም አላዘዘኝም፤ ለዘውዴ ብቻ ነው የነገርኳት። "ሁዳዴን ስትጾም እንኳ እስከ ስድስት ሰዓት ታማርራለህ" አለችኝ፤ ቢሆንም ሽሮው እንዳይሸተኝ ብላ በሩን ዘጋች።

ስደርስ ሼህ እንድሪስ ግቢው ጥግ ተቀምጠዋል። ያን ዕለት ጾማቸው ባይፈርስም እሳቸውም ጾመው ውለዋል። አዛን የሚያደርገው ጎልማሳ ግን የለም። "የት ሄደ?" አልኩ። "ሐራ ልኬዋለሁ፤ የሚገዛ ፍየል ነበር" አሉኝ ሐጂ ሰይድ፣ ፍየሉን ሰማይ ላይ የሚፈልጉ ይመስል ቀና ብለው። ኢማሙም መሬት መሬት ያያሉ። ገባኝ። ሐጂ ወደ ሼህ እንድሪስ ሄደው "እባክህ ሰዓቱን እንኳ እየው፤ እኔ መነጽሬን ረስቼዋለሁ" አሏቸው። ሼህ ተነሡ። "አበራ ይምጣ" አሉ። ሁለታችን ትንሿ ክፍል ገባን።

ሰዓቱ ይሄዳል። መስታወቱን ከፍተው ዳሰሱት፤ ዘጉት፤ ደግሞ ከፍተው ዳሰሱት። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል።

ከታች፣ ከመርሳ በኩል፣ የአዛን ድምፅ በነፋስ እየተቆራረጠ መጣ።

"ደረሰ" አሉ ሼህ እንድሪስ። ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "መርሳ ብሏል፤ ሰምተውታል። በዚያ ያፍጥሩ።" ጆሯቸውን ወደ ግቢው አዘንብለው የስኒውን፣ የሳሕኑን፣ የማንኪያውን ድምፅ ጠበቁ።

ምንም የለም። የመርሳው አዛን አለቀ። አሁንም ምንም የለም።

"አበራ፣ ለምን አይበሉም?"

በሩ ላይ ወጥቼ አየሁ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ ሁሉ ሰሌኑ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ወደኛ በር ነው። ማፍጠርን ማዘግየት እንደማይወደድ የሚያስተምሩት ኢማም ቴምራቸውን ሳሕኑ ላይ መልሰው አስቀምጠዋል። የአንዲት ሴት ልጅ እጅ ወደ ውሃው ሲሄድ እናቷ ያዝ አደረገቻት።

"አንቱን እየጠበቁ ነው" አልኳቸው።

"መርሳ እኮ ብሏል።"

"ሰምተዋል።"

"እና?"

"እና ቁጭ ብለዋል።"

በትራቸውን ፈልገው ተነሡና ሰዓቱን ሳይነኩ ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የመጀመሪያው ቃል ጉሮሯቸው ላይ ተሰበረ፤ ሁለተኛው ቀና አለ፤ ሦስተኛው ላይ ያ የማውቀው ድምፅ ወጣ። ሲጨርሱ ግቢው በአንድ ትንፋሽ "ቢስሚላህ" አለ፤ ስኒውና ሳሕኑ ተንኳኳ። ሐጂ ሰይድ ፊታቸውን በኩታቸው ጠረጉ፤ ላብ ነው ይበሉ እንግዲህ።

ለሁለታችን የተቀመጠልንን ውሃ አነሳሁ። የሳቸውን ኩባያ በእጃቸው አስያዝኳቸውና የኔን ሳልተነፍስ ጨለጥኩት። ሼህ እንድሪስ ኩባያቸውን አፋቸው ሳያደርሱ ቆም አሉ።

"አንተም ጾመህ ነው እንዴ የዋልከው?"

"ኧረ ሼህ፣ ዳገቱ አስጠምቶኝ ነው" አልኳቸው።

"ዋሾ" አሉኝ፤ እየሳቁ ቴምራቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።